የኔታ ፍሥሐ መናፈሻ የወጡ ለት

ድሮ፣ በወገዳ ዙሪያ፣ ወርኃ ጽጌ ሲገባ የሰው ፊት ይለወጥ ነበር። ክረምቱ ጭቃውንና ጭጋጉን ይዞ ሲሄድ ገብሱ ዘለላ ይጥላል፣ ባቄላው ያሽታል፣ ጠዋት ጠዋት ጤዛው እስከ ጉልበት ያረጥባል። አስካለ በተዳረች በዓመቱ የመጣውን ጽጌ አትረሳውም። ባለቤቷ መሪጌታ ፍሥሐ ማኅሌት ቆመው አድረው እሑድ ረፋድ ላይ ሲመለሱ ድምፃቸው ሰልሎ፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ፊታቸው ግን በርቶ ይገቡ ነበር። አንድ ቃል ሳይናገሩ ደጃፍ ይቀመጡና ከጥምጥማቸው እጥፋት የሸጎጧትን አበባ አውጥተው ይሰጧታል። እሷም ተቀብላ እሸት ትፈለፍልላቸዋለች። ያን ጊዜ ደረቷን ይሞላው የነበረው ነገር ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ስም አላወጣችለትም። ብቻ ዓለም ሁሉ የጠገበ ይመስላት ነበር።

መሪጌታ ፍሥሐ የስማዳ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው አኮፋዳ አንግተው ከቤት ወጡ፤ ከእስቴ ጋይንት፣ ከጋይንት እስቴ ሲሉ ኖረው ድጓን በጋይንቱ የድጓ ማስመስከሪያ ደብር፣ በቤተ ልሔም፣ ተፈትነው አስመሰከሩ። ከዚያ አገራቸው ተመልሰው አንዲት ደብር ሥር ጉባኤ ተከሉ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተማሩ። ተማሪው ከየአገሩ ይመጣል፣ ጎጆ ይቀልሳል፣ እሳቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። መጽሐፍ ገልጠው አያዩም። አንዱ ተማሪ አንዲት የዜማ ምልክት ከዘለለ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ተመለስ» ይላሉ። ተማሪውም ይመለሳል። የኔታ ተመለስ ካሉ መመለስ ነው፣ ሂድ ካሉም መሄድ ነው፤ ለምን የሚባል ነገር በዚያ ጉባኤ አልነበረም።

እንዲህ ያለው ሰው መርሳት ጀመሩ።

መጀመሪያ በአንድ የጽጌ ማኅሌት ላይ፣ መምራት ሲገባቸው ዝም አሉ። ጓደኞቻቸው ዜማውን አንሥተው ሸፈኑላቸው፤ ሕዝቡ አላወቀም። ቆይቶ ከደጃቸው ሠላሳ እርምጃ የማይርቀው መንገድ ጠፋባቸው። አንድ ቀን ደግሞ አስካለን «እናቴ፣ የማን ቤት ነው ይሄ?» አሏት። አስካለ ያን ለት ጓዳ ገብታ አለቀሰችና ወጥታ እግራቸውን አጠበቻቸው።

ለሰው ግን አልተናገረችም። የድጓ መምህር ረሳ ቢባል ምን ይባላል? አንዱ መድኃኒት ነክቶት ነው ይላል፣ ሌላው ቀለሙ ተወሰደበት ይላል። ያን ሁሉ ዘመን ጉልበታቸውን ስሞ ያለፈ ሰው እንዲስቅባቸው አልወደደችም። ስለዚህ «ዓይናቸው ደክሟል» አለች። ለካህናቱም፣ ለተማሪዎቹም፣ ለጎረቤትም ይህንኑ አለች። ዓይን መድከም የሽማግሌ ወግ ነው፣ ማንም አያፍርበትም። ተማሪዎቹ እያለቀሱ ተበተኑ፤ እነሱም አርብ ገበያ ከተማ ልጃቸው ትዕግስት ቤት ገቡ። ሕመሙን የሚያውቁት አስካለ፣ ትዕግስትና ባሏ አዲሱ ብቻ ሆኑ።

አርብ ገበያ መጥተው ሁለት ዓመት ያህል አስካለ አንድ ዘዴ ነበራት። ከቤት ሲወጡ የጋቢያቸውን ጫፍ ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ትቋጥረዋለች። የሚያየው ሰው ዓይናቸው ስለደከመ የምትመራቸው ይመስለዋል። ቋጠሮው ሲወጠር ሄደዋል ማለት ነው፣ ትከተላለች። ሲላላ ቆመዋል፣ ትቆማለች። ሌላ ሥራ አልነበራትም። እንዳይጠፉባት፣ በቃ፣ ይኸው ነበር ሥራዋ።

ከተማው በዚያ ዓመት መናፈሻ ሠርቶ ነበር። ቀድሞ ቆሻሻ የሚደፋበትን የጅረት ዳር አጠሩት፣ ድንጋዩን ነጭ ቀለም ቀቡት፣ ከድሮዎቹ ዛፎች ሥር አግዳሚ አኖሩበት፣ መካከሉ ላይ ከሲሚንቶ የተሠራ ዋልያ አቆሙ። ትዕግስት በጥቅምት አንድ እሑድ፣ ቅዳሴ እንደወጣ፣ «እማ፣ ሁላችሁም ግድግዳ ስታዩ ከረማችሁ። ዛሬ መናፈሻ እንውጣ» አለች።

«ምን ልናደርግ?» አለች አስካለ።

«ምንም። ልንቀመጥ።»

«መቀመጡንማ እዚህም ተቀምጠናል።»

«እዚያ ስትቀመጪ ይነፍስብሻል» አለ አዲሱ እየሳቀ። «ለዚያ ነው ሰው አጥር አጥሮ የሚቀመጠው።»

የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጅ ደስታ ጫማዋን ቀድማ አድርጋ በር ላይ ቆማለች። አስካለ እሸት ባቄላ ጠበሰች፣ ድንች ቀቀለች፣ አነባበሮ በሌማት አሰረች። የጋቢውን ጫፍ ቋጠረችና ወጡ።

መሪጌታ መናፈሻው ሲገቡ ቆም አሉ። ዛፉ ሥር ወጣቶች በየቡድኑ ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። የመሪጌታ ፊት በራ። አስካለ ያን ፊት ካየችው ስንት ዘመኗ።

«ተማሪው ጥሩ ይዟል» አሉ። «የሚያስቀጽላቸው መምህር ማን ነው?»

ሳትመልስላቸው ቋጠሮው ተወጠረ። ወደ አንዱ ጎረምሳ ሄደው ቆሙና በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ላይ ደረስህ?»

ልጁ ጋቢውንና ጥምጥሙን አይቶ ተነሣ። «ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ የኔታ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ታቀረቅራለህ? በቃልህ ያዝ እንጂ።»

«ባትሪው ሲያልቅ በቃሌ እይዘዋለሁ፣ የኔታ።»

ጓደኞቹ ሳቁ። አጠገቡ ያለችው ልጅ በክርኗ ጎሸመችው፤ «ነውር ነው፣ ዝም በል» አለችው። መሪጌታ ግን አልሰሙም፣ ወይም ሰምተው አልገባቸውም። «በርቱ» አሉና መረቋቸው። ወጣቶቹም ስልካቸውን እንደያዙ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ምግቡ ወጣ። በአጥሩ ጥግ ሻይ የምታፈላው ሀኒፋ ሳይጠሯት መጣች። ገበያ ውስጥ ሱቅ ያላቸው ሰዎች ልጅ ናት፣ ከትዕግስት ጋር አብረው ተምረዋል።

«እትዬ አስካለ፣ ቋጥረዋቸው መጡ? በዚህ ዕድሜ ማን ይወስድብኛል ብለው ነው?»

«ሻይሽን አፍዪ፣ አንቺ» አለች አስካለ። ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች። ቀኑ ደስ ይል ነበር፣ ይህንን መካድ አይቻልም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አስካለ ስንት ጊዜ መልሳ መላልሳ አስባዋለች። ደስታ ዋልያው ዘንድ ከሴት አያቷ ጋር ፎቶ ካልተነሣሁ አለች። ዋልያው ከአግዳሚው ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው። መሪጌታ እሸታቸውን በእርጋታ ይፈለፍላሉ። «እማ፣ አንድ ጊዜ ነው፣ ፍቺውና ነይ» አለች ትዕግስት። አስካለ ቋጠሮውን ፈታች። አዲሱ አነሣቸው። ደስታ ጫማዬ አልታየም አለች፣ ደግሞ አነሣቸው። ከዚያ ትዕግስት ገባችበት። ከዚያ አስካለ ነጠላዋን አስተካክላ ለብቻዋ ተነሣች። ለብቻዋ ተነሥታ አታውቅም ነበርና ደስ አላት፤ ወደ ስልኩ እንጂ ወደ አግዳሚው አላየችም።

ዘወር ስትል መሪጌታ የሉም።

አስካለ ዛፍ ለዛፍ ሄደች፣ ጅረቱን አየች። አዲሱ ወደ ላይኛው በር ሮጠ። ሀኒፋ የሻይ ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ መጣች።

«የኔታን ነው? በታችኛው በር ወጥተዋል እኮ። ዘበኛው ተነሥቶ ከፈተላቸው።»

«ብቻቸውን?»

«ኧረ ከጌታነህ ጋር ናቸው። ያ የኢሱዙው ሾፌር። ጉልበታቸውን ስሞ፣ ደግፎ ጋቢና አወጣቸው። የላካችኋቸው መስሎኝ።»

አስካለ ትንፋሽ ወጣላት። ጌታነህ የቤት ልጅ ነው። ሦስት ዓመት ከመሪጌታ እግር ሥር ተቀምጦ ጾመ ድጓ ላይ ሲደርስ ትቶ መኪና የያዘ ነው። ቤት አድርሷቸው ይሆናል አሉ። ቤት የሉም። አዲሱ ደወለ፤ ስልኩ አይሠራም። ደጋግሞ ደወለ። ጌታነህ ኔትዎርክ ከሌለበት ቆላ ወርዷል ማለት ነው።

ምን ይደረግ? ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም። መኪና ቢገኝ እንኳ በየት በኩል ይከተላል? ታችኛው በር ላይ፣ የዘበኛው ድንጋይ ላይ፣ አስካለ ተቀምጣ መንገዱን ታይ ጀመር። በላይዋ ሰው ይገባል ይወጣል። ሰው ልጆቹን ይዞ ይስቃል። ሀኒፋ ሻይ አምጥታ አጠገቧ አኖረችላት፤ በረደ። ደስታ «በእኔ ፎቶ ነው» ብላ ስታለቅስ አስካለ ጭንቅላቷን ደባበሰች።

ጌታነህ አሥር ሰዓት አልፎ መጣ። መኪናው ባዶ ነው፣ አቧራ ለብሷል። አስካለን ሲያይ ፈገግ ብሎ ወረደ።

«እመቴ፣ ደኅና ናቸው። በሰላም አድርሻቸዋለሁ።»

«የት?» አለችው።

«ቤተ ልሔም መንገድ መገንጠያው ላይ። ቤተ ልሔም ተጠርቻለሁ፣ ይጠብቁኛል፣ አድርሰኝ አሉኝ። ካመጣኋቸው አይቀር ብዬ እስከ ደጁ ልሂድ ስል እንቢ አሉ። ‹ወደ ጉባኤ በመኪና አይገባም፣ በእግሬ ነው የምገባው፣ አንተ ተመለስ› አሉኝ። ጉልበታቸውን ስሜ፣ ያለኝን ቆሎና ውኃ ሰጥቼ ተመለስኩ። መርቀውኛል።»

«ብቻቸውን ተውካቸው?»

«በስሜ ጠሩኝ እኮ። ‹ጌታነህ› አሉኝ ገና ሳያዩኝ፣ በድምፄ። ‹ጾመ ድጓውን ምን አደረግኸው?› አሉኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ከዚያ በኋላ ምን አፍ አለኝ? የኔታን እምቢ ልበል?» የአስካለን ፊት አየ። ድምፁ ወረደ። «ዓይናቸው ብቻ ነው አይደል የደከመው? መንገዱን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል ብዬ።»

 አስካለ፣ መሪጌታ የልጃቸውን ስም ከረሱ ዓመት እንዳለፋቸው፣ ያስመሰከሩትን ዛሬም ገና የሚያስመሰክሩ እንደሚመስላቸው፣ የሚጠብቋቸው መምህር ከሞቱ አርባ ዓመት እንደሆናቸው ልትነግረው አፏን ከፈተች።  ልጁን በምን ትቆጣው? የነገረችውን ነው ያመነው። እሳቸው ያስተማሩትን ነው ያደረገው።

እውነቱን የነገረችው ትዕግስት ናት። ጌታነህ የመኪናውን በር ይዞ ቆመ፣ ከዚያ ቁጭ አለ። ወዲያው ተነሥቶ ከአዲሱ ጋር ወጡ። በዚያ ሰሞን በጸጥታው ምክንያት ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ መኪና በመንገዱ አያልፍም ነበር፤ ኬላው ላይ መለሷቸው። ለምነው፣ ሽማግሌ ጠፍቶብን ነው ብለው ነበር። «ጠዋት» ተባሉ።

ጠዋት አስካለም ሄደች። ቤተ ልሔም ደርሰው ጠየቁ፤ የመጣ የለም። መምህራኑ ተማሪ አሰማርተው ገደሉንም ሸለቆውንም አስፈለጉ። በየደብሩ ከቅዳሴ በኋላ ተነገረ። ችግሩ፣ መንገድ ላይ ያገኟቸው ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ ሁሉም ዝቅ ብሎ እጅ ነሥቶ፣ መንገድ ለቆ፣ አሳልፏቸዋል። ጋቢ የለበሰ፣ መቋሚያ የያዘ ሽማግሌ እያዜመ ሲሄድ ወዴት ነህ ብሎ የሚያቆም ሰው በዚያ አገር የለም። አንዱ በስተግራ ነበር አለ፣ አንዱ በስተቀኝ። አንዱ የቅዳሜን ነገር ከእሑድ ጋር አምታታ። አስካለ የሰማችውን ሁሉ ተከትላ ሄደች፣ ጉልበቷ እንቢ እስኪላት።

አሁን ትዕግስት ቤት ናት። ፎቶዋን ሲያሳዩዋት አታይም።

መሪጌታ ፍሥሐ ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት ጥቅምት ፳፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ወደ ቤተ ልሔም ከሚያስገባው መገንጠያ አለፍ ብሎ ካለ አንድ የገብስ ማሳ ዳር፣ ወለተ ጊዮርጊስ የምትባል ሴት ቤት ውኃ ጠይቀው ጠጥተዋል። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ መቋሚያ ይዘዋል። መርቀዋት ወንዙን ተሻግረው በቁልቁለቱ ሲወርዱ አይታቸዋለች።