መብራት እንደመጣ አይሰካም

አንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለክፍል እንዳቀርብ የደረሰኝ ርዕስ ከሕዋ ስለሚሰበሰብ የፀሐይ ኃይል ነበር። ለዕረፍት ቆላ ወደሚገኘው የትውልድ ቦታዬ ኮኪት ስመለስ ማስታወሻዬን ይዤ ሄድኩ። ጊዜው የሰሊጥ አጨዳ ነው። እናቴ ከደጋ ለሚመጡት አጫጆች ቀዝቃዛ ውሃ ትሸጣለች፤ ቤታችን የሚተዳደረው በአንድ አሮጌ ፍሪጅ ነው።

"ፀሐይ እዚህ አነሰችና ነው ሰማይ ድረስ የሚወጡላት?" አለችኝ ላቧን እየጠረገች።

"እዚያ ደመና የለም እማዬ፤ ሌሊትም የለም ማለት ይቻላል።" ሳተላይቱ ብርሃኑን ሰብስቦ እንደ ሬዲዮ ሞገድ ወደ ምድር እንደሚልከው፣ ሰፊ ሜዳ ላይ የተዘረጋ አንቴና ተቀብሎ መልሶ ኤሌክትሪክ እንደሚያደርገው አስረዳኋት። "ገና ሙከራ ላይ ነው። ከተሳካ ግን እኛም ጋ ይደርሳል።"

ይህን እያወራሁ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ የነበረው መብራት መጣ። ላስደስታት ብዬ ሮጬ ፍሪጁን ሰካሁት። አምፖሉ ቦግ አለ፤ ፍሪጁ አንዴ አጉረመረመና ጸጥ አለ። እናቴ ዘልላ ገመዱን ነቀለችው።

"አንቺ! መብራት እንደመጣ ይሰካል? እንግዳ እኮ ነው፤ መጀመሪያ አረፍ ይበል እንጂ! ከተማ ገብተሽ ረሳሽው?"

እውነትም ረስቼው ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ኃይሉ መርጋቱን ለማወቅ ቀድሞ የሚታየው አምፖሉ ነው። አሁንም ሁለታችን ቁጭ ብለን ሽቅብ አንጋጠን አየነው። መጀመሪያ ከልክ በላይ ነጣ። ማዶ ያለው ወፍጮ ሲነሳ ደግሞ ቀላ። እናቴ ዓይኗን ከአምፖሉ ሳትነቅል ጠየቀችኝ፦

"ያ የሰማዩስ ድንገት ከች ቢል? ድንገት ቢሄድስ? ማን ነው አምፖሉን የሚያይለት?"

ማስታወሻዬን ገለጥኩ። የሳተላይቱ ክብደት አለ፤ የአንቴናው ስፋት አለ። ስለ ኤሌክትሪክ መስመሩ የጻፍኩት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ "ከዚያም ወደ መስመር ይገባል።" አፈርኩ።

"በይ አሁን ረግቷል፤ ሰኪው" አለችኝ።

ሰካሁት። ምንም ድምፅ የለም። እናቴ ጆሮዋን ከፍሪጁ ጎን አስጠግታ ቆየች።  በመጨረሻ ፈገግ አለች፤ ወዲያው የሞተሩን ድምፅ እኔም ሰማሁት።

ያችን ዓረፍተ ነገር ሰርዤ በቦታዋ የእናቴን ጥያቄ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ለመልሱ ሙሉ ገጽ ተውኩ።

በጎጃም አነጋገር የሚያወራ አንድ አጫጅ በሩ ላይ ቆሞ "እናቴ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አለዎት?" አለ።

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ ና ልጄ" አለችው። "ያኔ ውሃው ጥርስ የሚያሳምም ይሆንልሃል።"