ስም ያልነበረው ቁጥራችን

በፈረንጅ ሁለት ሺህ አስር ነው፤ እኔ ስልሳ አራት ዓመቴ። የመጨረሻዋ ልጄ ካርቱም ኮምፒዩተር ተምራ ወደምንኖርበት ገዳሪፍ ተመለሰችና ከእንግዳ ክፍላችን ጥግ ሰርቨር ተከለች። ኢሜል የሚልክና የሚቀበል ሳጥን ነው። የሰሊጥ ነጋዴዎች በየሱቃቸው ስም ለገዢ እንዲጽፉበት ነበር ሐሳቧ። ከሠራላት እዚሁ ትቀመጣለች፤ ካልሠራላት ካርቱም ሥራ አግኝታለች፣ ቅዳሜ ትሄዳለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ የሁለታችን ብቻ ነው። ሂጂም ቅሪም አላልኳት። እንድትሄድብኝ ግን አልፈለግሁም።

የላከችው ሁሉ ተመለሰ። እንዳስረዳችኝ ከሆነ፣ ደብዳቤው ሲደርስ ተቀባዩ ኮምፒዩተር ከየትኛው የኢንተርኔት ቁጥር እንደመጣ አይቶ፣ ይህ ቁጥር ማን ይባላል ብሎ ያጣራል። የእኛ ቁጥር ስም ስለሌለው እንደ ሌባ ከበር ይመልሱታል። ቁጥሩ የኢንተርኔት ድርጅቱ ነውና ስም የሚያወጡለት እነሱ ብቻ ናቸው። መስመሩ ደግሞ በእኔ ስም ስለሆነ ጠያቂው እኔ መሆን አለብኝ። የሰርቨሩን ስም በፈረንጅ ፊደል ጽፋ ወረቀት ሰጠችኝ።

ሰኞ ቢሯቸው ሄድኩ። ጸሐፊው ስም ሲለኝ የራሴን እስከ ቅድመ አያቴ ቆጠርኩለት። በዚህ አገር ከአራት ስም ባነሰ የሚጠግብ ቢሮ አላየሁም። ጻፈና አሰናበተኝ። ወረቀቱ ከኪሴ አልወጣም።

እስከ ረቡዕ ደብዳቤው መመለሱን አልተወም።

«አባባ፣ ወረቀቱን ሰጧቸው?» አለችኝ።

«አልጠየቁኝም።»

የሆነውን ስነግራት ሳቀች። «ስም ያጣው ሰርቨሩ ነው እንጂ፣ እርስዎማ እስከ ቅድመ አያትዎ አለዎት።»

ከቆምኩበት ዞሬ ወደ ቢሯቸው ሄድኩ። ጸሐፊው ወረቀቱን አየና፣ ይህን የሚሠሩት ካርቱም ያሉት ናቸው፣ ቡክራ ና አለኝ። ነገ ማለቱ ነው። ቡክራቸውን ደግሞ አውቀዋለሁ፣ ማለቂያ የለውም። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

«ሃጅ፣ ልንዘጋ ነው።»

«ዝጋብኝ። ቡክራ ስትለኝ ልጄ ትሄዳለች።»

ስልኩን አነሳና ካርቱም ደወለ። ፊደሉን አንድ በአንድ ነገራቸው። እኔ ባላነበውም፣ መልሰው እንዲያነቡለት አስደረግሁ።

የአስር ሶላት ሰግጄ ቤት ስገባ፣ ልጄ ቁጥራችን ማን እንደሚባል በኮምፒዩተሩ አጣርታ የሰርቨሩ ስም ወጥቶላት ደረስኩ። ካርቱም ላለ አስተማሪዋ ደብዳቤ ላከችና ደወለችለት። ደርሶታል። ስልኩን ሳታስቀምጥ ሊቀጥሯት ወደነበሩት ሰዎች ደወለች፤ አልመጣም አለቻቸው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አልሃምዱሊላህ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ዶካ ወደምትባለው ከተማ ሄጄ፣ የማውቃቸውን የሰሊጥ ነጋዴዎች ከሱቅ ሱቅ እየዞርኩ፣ ለገዢ የሚልከው ደብዳቤ ያለው ለልጄ ይስጣት አልኳቸው።