ለአክስቴ ብቻ የሚከፈተው ኮምፒውተር

ዓርብ ቀን ከምንኖርበት ከዐዚዚያ ሰፈር ወደ መላዝ የሄድኩት የአክስቴን የሐያትን ኮምፒውተር ላስተካክል ነበር። አክስቴ ከቤቷ ሆና ወደ ድርጅቷ መረብ እየገባች የደንበኞችን ጥያቄ ትመልሳለች። በዚያ ሳምንት ኮምፒውተሯ ላይ ቫይረስ ተገኘ ተብሎ ወደ መረቡ የምትገባበት መስመር ተዘጋ። ካልተስተካከለ ሥራዋ ይቀራል፤ ሥራው ከቀረ ኢቃማዋም፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ አብሮ ይሄዳል። እኔ ገና የመጀመሪያ ዓመት የኮምፒውተር ተማሪ ነኝ፤ ሌላ የምታውቀው ባለሙያ ግን አልነበራትም።

የአውቶቡሱ ዋጋ አራት ሪያል ነው። የዐዚዚያ ጋራዦች ተዘግተዋል። መላዝ ስወርድ ከመስጊድ የሚወጣው ሰው ከፀሐዩ ሸሽቶ ግድግዳ ግድግዳውን ይሄዳል።

"ያላ፣ ግባ! ሩዙ ይደርሳል፤ መጀመሪያ በሽተኛውን እየው" አለችኝ አክስቴ።

ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል እንኳ የለውም።

"ማን ማን ይነካዋል?"

"ማን የማይነካው አለ? የአገር ሰው መጥቶ 'አይሆንም' ይባላል እንዴ?"

በየዓርቡ የምትመጣ ከድጃ የምትባል የወሎ ልጅ አለች። ሰው ቤት ትሠራለች፤ ስልኳን ወስዳ የምትይዘው አሠሪዋ፣ ማዳሟ ናት። ደሴ ያለችውን ልጇን የምታየው በዚህ ኮምፒውተር ነው። ቫይረሱም የገባው "ኢቃማሽን አጣሪ" የሚል ሊንክ ስትከፍት ነበር።

ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩት። ጠንካራ የይለፍ ቃል አደረግኩ፤ ለመግባትም ወደ አክስቴ ስልክ የሚላክ ኮድ እንዲጠይቅ አደረግኩ። የድርጅቱ ሰው በስልክ አረጋግጦ መስመሩን ከፈተና "ሌላ ሰው ከነካው ኸላስ፣ አበቃ" አለ።

ወዲያው ከድጃ እየሳቀች ገባችና ወንበሩን ሳበች። አክስቴ አቀርቅራ ሳህን መደርደር ያዘች። ስለዚህ እኔ ደንቡን አንድ በአንድ ማስረዳት ጀመርኩ።

"አትንኪ ነው የምትለኝ፣ ወንድሜ?"

"አንቺን ብቻ አይደለም፣ እህቴ..."

አክስቴ ስልኳን ዘረጋችላት። "ልጅሽን በዚህ አናግሪያት።"

"ይቅር። እሱንም አበላሽብሽ ይሆናል" ብላ ወጣች።

ትንሽ ቆይቶ የአክስቴ ስልክ ጠራ፤ በየዓርቡ ከደሴ የሚደወልበት የእሷ አድራሻ ስልኳም ላይ አለ። አንዲት ትንሽ ልጅ የወለቀ ጥርሷን ለማሳየት አፏን ከፍታ ስክሪኑን ሞልታለች። "እማዬስ?" አለች። አክስቴ ስልኩን እንደያዘች በባዶ እግሯ ደረጃውን ወረደች፤ ተከተልኳት። የማዳሟ ሾፌር ከድጃን ይዞ ሄዷል።

"እማዬ መጣች?" ይላል ስልኩ።

ቤት ስገባ አባቴ "ተስተካከለ?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ሥራዋ ተርፏል፤ ያደረግኩትም ትክክል ነበር። ግን መጀመሪያ ከድጃ በአክስቴ ስልክ ልጇን እንድታናግር ማድረግ ነበረብኝ። ደንቡ ከዚያ በኋላ ይደርስ ነበር።