ከኋላው የተሰነጠቀው የምርጫ ኮት

ፎቶ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን ካሜራ አልነካሁም። ጌታዬ ጋሽ ወልዴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የከሰል ካውያ ሰጠኝና ሚስማር ላይ የተሰቀለውን ጥቁር ኮት አሳየኝ። «እሱን ተኩስ» አለኝ። ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ከገጠር ሆሳዕና የገባሁ ሰው ነኝ፤ ኮት ነክቼም አላውቅ። ደረቱን ተኮስኩ፣ እጅጌውን ተኮስኩ። ገልበጥ ባደርገው ጀርባው ከአንገቱ እስከ ታች ለሁለት ተከፍሏል።

ካውያው የበላው መሰለኝ።

«ጋሼ፣ ኮቱን አበላሸሁት» አልኩት።

ፊቴን አየና ሳቁን መያዝ አቃተው። «እኔ ነኝ በመቀስ የቀደድኩት፣ አይዞህ። ወፍራም ይመጣል፣ ቀጭን ይመጣል። ለሁሉም በልኩ ኮት ላሰፋ ነው? ለወፍራሙ ክፍቱን እተወዋለሁ፤ ለቀጭኑ ሰብሰብ አድርጌ በልብስ መቆንጠጫ እይዘዋለሁ። ካሜራ እንደሆነ ከኋላ አያይም።»

የሙያው ግማሽ ይኸው ነው። ሌላው ግማሽ አገጭ ነው። አገጭ ቀና ካለ ሰውየው ኩራተኛ ይመስላል፤ በጣም ካቀረቀረ ፖሊስ የሚፈልገው ይመስላል። ጋሽ ወልዴ የደንበኛውን አገጭ በሁለት ጣቱ ይዞ «ዝቅ፣ ዝቅ... በቃ! አሁን ሰው መሰልክ» ይል ነበር። መብራቱን ደግሞ ከጎን ትንሽ ወደ ግንባሩ ከሰጠኸው ሰውየው የሚያስብ ይመስላል። ባያስብም።

ጊዜው ሄደ። ፊልም ቀርቶ ዲጂታል መጣ፣ ጨለማ ክፍላችን የአሮጌ ወንበር ማስቀመጫ ሆነ። ጋሽ ወልዴ ሲያርፍ ስቱዲዮው ከነኮቱ ለእኔ ተረፈ። ሰው ሁሉ በስልኩ መነሳት ሲጀምር ለእኛ የቀረን የመታወቂያ ጉርድ ፎቶና የምርጫ ሰሞን ነው።

የምርጫ ሰሞን ለፎቶ ቤት እንደ መስቀል ገበያ ነው። ከሀድያም ከከምባታም እጩ ይመጣል። የሚጠይቁት ነገር ደግሞ አያልቅም። አንዱ «ኮስተር ያልኩ አስመስለኝ፣ ግን ደግ» ይላል። ሌላው «ወጣት አድርገኝ፣ ግን ምክር የሚጠየቅ» ይላል። እኔ እሺ እላለሁ። ለሁሉም ያው አንድ ኮት፣ ያው አንድ ክራባት፣ ያው አገጭ ዝቅ።

በአንዱ ምርጫ መምህር ሀንዲሶ ከከምባታ፣ ከዶዮገና መጣ፣ ከሚስቱ ከማርታ ጋር። ባለፈው ተወዳድሮ ወድቋል። ንግግሩን ማርታ ነች የጀመረችው።

«ጋሼ፣ ባለፈው ፎቶው ነው የጣለው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ተነስቶ ነበር።»

«ፈገግ ብዬ ነው» አለ ሀንዲሶ።

«ማንን ልትጠቅስ እንደሆነ ሰው ግራ ገባው!» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «ዘንድሮ ከወደቀ አገር ለቆ ሊሄድ ምሏል። አፍሮ ነው። ሲምል ደግሞ አይመለስም፣ አውቀዋለሁ። እኔ ገና አሁን የደረሰ እንሰት አለኝ። ስንት ዓመት የጠበቅሁትን እንሰት ጥዬ የት ነው የምሄደው?»

እንሰት የተከለ ሰው ይህንን ይረዳል። ኮቱን ከሚስማሩ አወረድኩ። ሀንዲሶ ቀጭን ነው፤ መቆንጠጫው እስኪያልቅብኝ ከኋላው ሰበሰብኩት። አገጩን ያዝኩ፤ ዝቅ፣ ዝቅ፣ በቃ። ማርታ ኮምፒውተሩ ላይ አየችው።

«ይሄ ማነው?»

«ባልሽ ነዋ።»

«ይሄንንማ እኔም እመርጠዋለሁ» አለች።

ብዙም ሳይቆይ የሀንዲሶ ተፎካካሪ መጣ፤ አቶ ጴጥሮስ፣ የዶዮገና እህል ነጋዴ። እሱ ወፍራም ነው፤ ያለ መቆንጠጫ ጀርባውን ክፍት ትቼ አነሳሁት። ፎቶ አንሺ ወገን የለውም።

ቅስቀሳው ሲሟሟቅ ሰርግ ላነሳ ዶዮገና ሄድኩ። ገበያው አጠገብ ግድግዳ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ተለጥፈዋል። ሰው ቆሞ ያያል። የእጄ ሥራ ስለሆነ እኔም ቆም አልኩ።

«እነዚህ ሁለቱ አንድ ልብስ ሰፊ ነው እንዴ ያላቸው?» አለ አንዱ።

«ኮቱ የጴጥሮስ ነው፣ ነጋዴ አይደል? መምህሩ ከሱ ተውሶ ነው።»

«ከተፎካካሪው?»

«ምን አለበት? ያዋሰው ደግ ነው፣ የተዋሰውም ኩራት የሌለበት ነው።»

«እኔስ ኮቱን ነው የምመርጠው» አሉ አንዲት እናት፣ ዘንቢላቸውን አንስተው እየሄዱ።

ሰው ሰውን ሲመርጥ ምን እንደሚያይ ያኔ ነው ማሰብ የጀመርኩት። ከዚያ በፊት የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ከሰርጉ በኋላ ማርታ እንደገና ስቱዲዮ መጣች፣ ብቻዋን።

«ጋሼ፣ ፎቶው ጉድ ሠራን። ሀንዲሶ በሹራቡ ቤት ለቤት ሲዞር ሰው አልቀበል አለው። ‹አንተማ የኛው ሀንዲሶ ነህ፤ ያንን ፎቶ ላይ ያለውን ላክልን› ይሉታል። በሞቴ ኮቱን አውሰን። ትልቅ ስብሰባ አለ።»

«ማርታዬ፣ ኮቱ እኮ ጀርባ የለውም።»

«ጀርባውን ማን ያያል? ቆሞ ሊናገር ነው እንጂ ሊጨፍር ነው?»

እውነቷን ነው አልኩ። በሐሳባችን ያየነው ቴሌቪዥን ላይ እንደሚታየው ነው፤ መድረክ አለ፣ ከኋላ ባነር ተሰቅሏል፣ ሰው ሁሉ ከፊት ተደርድሯል። ኮቱ መተዳደሪያዬ ነው፤ መቆንጠጫውም የእኔን እጅ ስለሚፈልግ አብሬ ሄድኩ።

ስብሰባው ሜዳ ላይ ነው። መድረክ የሚባል ነገር የለም። ሕዝቡ እንደ ጥንቱ፣ ነገር ሲዳኝም ዕርቅ ሲወርድም እንደሚቀመጠው፣ ሳሩ ላይ ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ፣ ጴጥሮስም ከዘመዶቹ ጋር አንዱ ጎን አለ። የሽማግሌዎቹ ትልቅ አባባ ሎምባሞ በዱላቸው መሬቱን ጠቆሙ።

«ና ልጄ፣ መሃል ግባና ተናገር።»

እኔም ማርታም ሀንዲሶም፣ ሦስታችንም እዚሁ አገር ነው ያደግነው። ሦስታችንም እንዲህ ባለ ክብ ውስጥ ስንት ጊዜ ተቀምጠናል። መሃል የገባ ሰው ጀርባው እንደሚታይ ግን ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። ሀንዲሶ ዞሮ አየኝ፤ ግንባሩ ላብ በላብ ሆኗል። እኔ ምን ላድርግ? የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ አገጭህን ዝቅ አድርግ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት።

ንግግሩን ጀመረ። በከምባትኛ ነው፤ እኔ ሀድያ ነኝ፣ ግማሹ ይገባኛል። ስለ መንገዱ ሁለት ቃል ይልና ከኋላው ያሉት ጀርባውን ያዩት ይመስለዋል፤ ቶሎ ወደ እነሱ ይዞራል። ያን ጊዜ ደግሞ ለሽማግሌዎቹ ጀርባውን ሰጠ፤ ወደ እነሱ ይዞራል። ስለ ቦኖ ውሃው እያወራ ችካል ላይ እንደታሰረ ወይፈን ይሽከረከር ጀመር። ማርታ ነጠላዋን ነክሳ ቀርታለች።

በስንተኛው ዙር እንደሆነ እንጃ፣ አንዱ መቆንጠጫ ተስፈንጥሮ አባባ ሎምባሞ ጉያ ውስጥ ወደቀ። ሌሎቹም ተከታትለው ለቀቁ። ኮቱ እንደ በር ወለል አለ።

አባባ ሎምባሞ መቆንጠጫውን አንስተው ገለባብጠው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ያንተ ነው?»

«አዎ አባባ።»

«እስቲ ዙር። የኮቱ ጀርባ የት ሄደ?»

«ከመጀመሪያውም የለውም አባባ። የፎቶ ቤት ኮት ነው። ያ የቆመው ሰውዬ ነው ያዋሰኝ።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ቀጥሎ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ፣ ፎቶው ላይ ያለው ኮት ይሄ ነው?» አሉኝ አባባ ሎምባሞ።

«እሱው ነው አባባ።»

«የጴጥሮስስ?»

የደንበኛ ነገር ከስቱዲዮ አይወጣም። «አባባ፣ እኔ የማነሳው ከፊት ነው» ብዬ አጎነበስኩ። ጴጥሮስ ሳር እየነቀለ ነበር። ሰው እንደገና ሳቀ።

ሀንዲሶ ኮቱን አውልቆ አጣጠፈና ሳሩ ላይ አስቀመጠ። በሸሚዙ ንግግሩን ጨረሰ፤ ያኔም እየዞረ ነው፣ ለምዶበት መሰለኝ። ወደ ሆሳዕና መኪና ሲሸኙኝ ማርታ ብቻ አንዴ «እንሰቴን» አለች።

ምርጫው ሆነ። ሀንዲሶ አሸነፈ።

እኔ ሽማግሌ ሰው ነገሩ አላስተኛ አለኝ። ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን ዶዮገና ሄጄ ያገኘሁትን ሁሉ መጠየቅ ያዝኩ፤ ለሙያዬም ይጠቅመኛል ብዬ ነው።

«ኮት የለውም፤ እንግዲህ አልሰረቀም ማለት ነው» አለኝ አንዱ ገበሬ።

አጠገቡ ያለው ተቃወመው። «ኮት የሌለውማ ገና ሊሰርቅ ነው። እኔ የመረጥኩት እናቱን ስለማውቃት ነው።»

አንዷ ወጣት «ግንባሩ ሰፊ ነው፣ አሳቢ ነው» አለችኝ። ያ የእኔ መብራት ነው፤ ሀንዲሶ ግንባር የሚባል የለውም። ባለዘንቢሏን እናትም አገኘኋቸው። «ያኔም ብያለሁ እኮ፣ ኮቱን ነው የመረጥኩት። ተቀዷል አሉ፤ ይሰፋላ!»

መጨረሻ አባባ ሎምባሞ ቤት ገባሁ። መቆንጠጫዬን አስቀምጠውልኝ ነበር።

«አባባ፣ እርስዎስ ለምን መረጡት?»

«እጩ ብዙ አይቻለሁ» አሉኝ። «ሁሉም ወደ ትልልቆቹ ዞሮ ነው የሚናገረው፤ ከኋላው ያለውን ሰው አያየውም። ይሄ ልጅ ግን አንዱንም ወገን ሳይተው እየዞረ የሁላችንንም ዓይን ዓይናችንን አየን። ሴቶቹን ሳይቀር። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ለምን ይዞር እንደነበር ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ማርታ የእንሰቷን ዙሪያ ስትኮተኩት በመንገዴ አይቻት መምጣቴ ትዝ አለኝ፤ መቆንጠጫዬን አመስግኜ ተቀበልኩና ወጣሁ።

አሁን ዓይኔ ደክሟል፤ ስቱዲዮውን ልጄ ይዛዋለች። ኮቱ እዚያው ሚስማሩ ላይ ነው። ለሙያው ልጆች የምለው ይህንን ነው። አገጭ ዝቅ፣ መብራት ከጎን። ኮቱን ከስቱዲዮ አታውጡ። ከወጣ ግን ሰውየውን ዙር በሉት።