ነጠላ ማዞሪያ

ባለፈው ሳምንት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በአንዲት ጉሊት ሻጭ ፊት ለፊት ሳልፍ የተወቀጠ እንዶድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና መሀል መንገድ ላይ እንደ ጅል ድርቅ ብዬ ቀረሁ። በስመ አብ! ይሄ ሁሉ ዘመን አልፎ ያ ሽታ ዛሬም አልለቀቀኝም። ሌላው ሰው እንዶድ ሲሸተው የታጠበ ጋቢ ትዝ ይለው ይሆናል፤ እኔን ትዝ የሚለኝ ወንዛችን ነው።

ወንዝ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በደርግ ጊዜ የልደታ ዳር ዳሩ ገና ገጠር ነበርና፣ ከቤታችን በታች የጎመን መደቡንና ባሕር ዛፉን አልፎ የሚወርድ፣ በበጋ በአንድ እርምጃ የሚሻገሩት ምንጭ ቢጤ ነው። የሰፈሩ እናቶች ልብስ የሚያጥቡት እዚያ ነበር። ቀድሞ ዝም ብሎ «ወንዙ» ይባል ነበር፤ በኋላ ግን ሴቶቹ «ነጠላ ማዞሪያ» ይሉት ጀመር። እኔ ጠያቂ ልጅ ስለነበርኩ ጎረቤታችንን እትዬ ዘነበችን «ለምን እንዲህ ተባለ?» ብዬ አፋጠጥኳቸው።

«ስናጥብ ጫፉ እንዳይነከር ነጠላችንን የምናዞርበት ስለሆነ ነዋ! ምን ያለችው ነዝናዛ ናት!» ብለው ጆሮዬን ቆንጠጥ አደረጉኝ። አመንኳቸው። ምን የማያሳምን ነገር አለው?

አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ እማዬ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ ብቻ ነበርን። ወንድሜን ጋሽዬ ነበር የምለው፤ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ረጅም፣ ሲስቅ ከጎረቤት የሚሰማ። በክረምት ወንዙ ደፍርሶ ሲያጉረመርም ጋሽዬ ሱሪውን ሰብስቦ፣ እኔን አዝሎ፣ መሀል ላይ ሲደርስ «ልጣልሽ? ልጣልሽ?» እያለ እያስጮኸኝ ያሻግረኝ ነበር። «መስከረም ሲጠባ ድንጋይ ደርድሬ መሻገሪያ እሠራልሻለሁ፣ አደዩን ራስሽ ሄደሽ ትለቅሚያለሽ» ብሎ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ነሐሴ ላይ ሁለት ሰዎች መጥተው «ለትንሽ ጥያቄ ቀበሌ ትፈለጋለህ» አሉት፤ ካኪ ሸሚዙ ገመድ ላይ እንደተሰጣ በካናቴራ ሄደ። ከዚያ አልተመለሰም። እማዬ ጥቂት ቀን ቆይታ «ክፍለ ሀገር ለሥራ ተልኳል፣ ይመጣል» አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

መስከረም ጠባ፣ ማዶው በአደይ ቢጫ ሆነ፣ እኔም ወዲህ ዳር ተቀምጬ ጋሽዬን እጠብቀው ጀመር። ክፍለ ሀገር ያለ ሰው ለአደይ መምጣቱ አይቀርም ብዬ ነበር። እማዬ ደግሞ ወንዝ በወረደች ቁጥር ያንን ካኪ ሸሚዝ ይዛ ትወርድ ነበር። ንጹሑን ሸሚዝ ታጥበዋለች፣ ታሰጣዋለች፣ ደግሞ ትወስደዋለች። ሲመጣ ንጹሕ እንዲለብስ ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። አይ ልጅነት!

በጋው ሲገባ ወንዙ ሟሽሾ መሀረብ እንኳ በቅጡ የማያጥብ ሆነ። ሴቶቹ ግን ጭራሽ መውረድ አበዙ። ነገሩ ስላልገባኝ አንድ ከሰዓት በኋላ በጎመኑ መሀል ተደብቄ ተከተልኳቸው። ከላይ ሰው የማያይበት መታጠፊያ ሲደርሱ ዘንቢላቸውን አስቀመጡና ሁሉም ነጠላቸውን ገልብጠው፣ የጥለቱን ጫፍ ወደ ላይ ወደ አንገታቸው አድርገው አዘቀዘቁ። ክው አልኩ። ይህን ልጅም ያውቀዋል፤ ነጠላ የሚዘቀዘቀው ሰው ሲሞት ነው። ከዚያ ቁጭ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ወትፈው አለቀሱ። ድምፅ የለም፣ ትከሻ ብቻ ይንቀጠቀጣል። እማዬም እዚያ ነበረች፤ ሸሚዙን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደፊት ወደኋላ ትል ነበር። እትዬ ዘነበች ብቻ ቆመው፣ ልብስ ድንጋይ ላይ በኃይል እየመቱ፣ ከላይ ላለው የቀበሌ ጥበቃ እንዲሰማ «ኧረ ይሄ እድፍ አለቅም አለኝ እኮ! ምን ጉድ ነው!» እያሉ ይጮሁ ነበር። እንባቸው ግን አገጫቸው ላይ ይንጠባጠባል። ሲደክማቸው ሌላዋ ተነስታ ልብሱን ተቀበለቻቸውና እሳቸው ተቀምጠው አለቀሱ።

«ፀረ አብዮት» ተብሎ ለተገደለ ልጅ ማልቀስ፣ ድንኳን መጣል፣ ጥቁር መልበስ ያስጠይቅ እንደነበር ያኔ አላውቅም። እናት ለልጇ እንዳታለቅስ የሚከለከልበት አገር እንዳለ ማን ይገምታል?

በማግስቱ ግቢ ውስጥ እቃቃ ስጫወት፣ ለልደታ ንግሥ የተገዛችልኝን ትንሽ ነጠላ እንደነሱ አዘቀዘቅኋት። እማዬ ከቤት ስትወጣ አየችኝ። ማንም ሰው ሳይሞት እንዲህ ያደረገ ልጅ «ምን ያለችው ሟርተኛ ናት!» ተብሎ እንደሚገረፍ አውቃለሁና ዱላውን ጠበቅሁ። እማዬ አልተቆጣችኝም። በር ላይ ቆማ አየችኝ፣ አየችኝና እየተንደረደረች መጥታ ነጠላዬን ከላዬ ገፈፈችው። አለመቆጣቷ ከዱላ ይልቅ አስፈራኝ።

ወዲያው ሸሚዙን ከገመዱ ላይ አንስታ፣ እጄን ይዛ ወንዝ ወረደች። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ የራሷን አዘቀዘቀች፤ ቀጥላ ተንበርክካ የእኔን ትንሽ ነጠላ በገዛ እጇ አዘቀዘቀችልኝ።

«እማ፣ ጋሽዬ ነው?» አልኳት።

«ድምፅ አታሰሚ» አለችኝ።

የጋሽዬን ሸሚዝ እጄ ላይ አስቀመጠችና በጣቷ ድንጋዩን አሳየችኝ። መታሁት። እሷ እንድታለቅስ እየጮህኩ መታሁት።

ዛሬ ያ ቦታ ኮንዶሚኒየም ሆኗል፣ እኔም ከነዋሪዎቹ አንዷ ነኝ። ወንዙ ቱቦ ውስጥ ገብቶ በላዩ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ነጠላ ማዞሪያ ብትሉ የሚያውቅ የለም። እማዬ አምና ስታርፍ ድንኳኑ የተጣለው እዚያው ከብሎካችን ሥር ነበር፣ ዕድሩ መጣ፣ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ በጠራራ ፀሐይ ደረቱን እየመታ አለቀሰላት፤ ከልካይ የለም። እኔ ግን የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ዝም አልኩ። ሴቶቹ ትከሻዬን እየነቀነቁ «አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ!» ይሉኛል። ልቤ ፈልጎ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ግን ልብስ የሚመታ ሰው አልነበረም።