ንዋይ፣ በጉና አራቱ ምልምሎች

በሚያዝያ በረዶ የሚጥልበትን አገር የማይራገም የለም። ንዋይ ግን በፈረንጅ 2018፣ ፋሲካ ባለፈ ሰሞን የጣለውን በረዶ በሆዱ ሲመርቀው ዋለ። መንገዱን ቢዘጋው፣ እሑድ ከቀትር በኋላ በሴንት ፖል ከተማ ስኔሊንግ አቨኒው ላይ በሆርዶፋ ምግብ ቤት የተጠራው ስብሰባ ይቀር ነበር። በረዶው ግን እንደ ማንኛውም ወላዋይ ኃይል ቅዳሜን ሙሉ ሲፎክር ውሎ እሑድ ጧት ከትግሉ አፈገፈገ። ጠራጊ መኪኖችም መንገዱን እስከ ምግብ ቤቱ በር ድረስ አጸዱለት።

ንዋይ ሃምሳዎቹን የጀመረ፣ ኩላሊታቸው የደከመ በሽተኞችን በቫን ሮቢንስዴል ወዳለው የደም ማጠቢያ ክሊኒክ የሚያመላልስ ሰው ነው። ሥራው ቀስ ብሎ መንዳት ነው፤ አፉ ግን ፍሬን የለውም። የደጋፊዎች ማኅበር ዋና ጸሐፊ ሆኖ የተመረጠውም በዚሁ በአፉ ነው።

ማኅበሩ የሚደግፈው በሴንት ፖል ያለ የአንድ ትንሽ ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድን ነው። ቡድኑ ድሮ ከተጫዋቾቹ እናቶች በቀር ተመልካች አልነበረውም። ከአራት ዓመት በፊት አሰልጣኙ አራት ልጆች ባንድ ጊዜ መለመለ። ሦስቱ በቆሎ ሲያበቅሉ ከኖሩ ቤተሰቦች የመጡ ቀያይ ረጃጅሞች ነበሩ፤ አራተኛው ኤዶሳ ነው፣ ሆፕኪንስ ከተማ አፓርትማ ውስጥ ያደገው የዙለይሃ ልጅ። «የአገር ልጅ ለኮሌጅ ሊጫወት ነው» የሚል ወሬ ሲነፍስ ሰፊው ሕዝብ ወደ ጂሙ ተመመ። ሰፊው ሕዝብ ማለት ንዋይ፣ ሆርዶፋ፣ ባየሽና በእነሱ ጉትጎታ የመጡ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ናቸው። የጨዋታውን ሕግ ከመካከላቸው የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ኳሷ ቅርጫቱ ውስጥ ስትገባ «ጎል!» እያሉ ፈረንጆቹን አስደነገጡ። በዓመቱ ግን ሁሉም ሊቅ ሆኖ ቁጭ አለ። በመጦሪያ ቤት ሽማግሌ ሲያጥቡና ታክሲ ሲነዱ የመከላከል ስልት የሚያስተምሩ ሆኑ። አራቱንም «ያ ባች» አሏቸው፤ ስሙም ጸና።

ያ ባች ታዲያ አላሳፈራቸውም። በአራተኛው ዓመት ኮሌጁ በታሪኩ አይቶት የማያውቀውን ዋንጫ አመጣ። ሰማያዊ ሰንደቅ ከጂሙ ጣራ ላይ ተሰቀለ፤ ንዋይም ሥሩ ቆሞ አለቀሰ። ባቹን የሚቆጨው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት የኮንፈረንሱን፣ የሊጋቸውን ማለት ነው፣ ፍጻሜ በሁለት ነጥብ ተሸንፏል። ያን ቅዳሜ ኤዶሳ አልተሰለፈም። ሸሚዝና ክራባት አድርጎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ኮሌጁ ሲጠየቅ «የውስጥ ጉዳይ ነው» አለ፤ ሌላ ትንፍሽ አላለም።

እንግዲህ «የውስጥ ጉዳይ» የሚል ቃል በራዲዮ ሲሰማ ላደገ ሰው እንዲህ ብሎ መመለስ ጭድ ላይ ክብሪት መጣል ነው። ንዋይ በዚያው ሌሊት ምስጢሩን ደረሰበት፤ አሰልጣኙ ልጁን ያስቀመጠው በቅናትና በንቀት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በማኅበሩ የፌስቡክ ገጽ ይህንኑ ጻፈ። «አሰልጣኙ በታሪክ ፊት ይጠየቃል» የሚለው ሐረግ የእሱ ነው። ለእሑዱ ስብሰባም፣ ባቹ ምን ትቶልን እንደሄደ የሚገመግመውን የአቋም መግለጫ እንዲያረቅ የታዘዘው እሱ ነው። ሦስተኛው ነጥብ አሰልጣኙን ለዚያች ቅዳሜ ሽንፈት በስሙ ያወግዛል። እዚህ ድረስ ንዋይ ደስተኛ ሰው ነበር።

ማክሰኞ ማታ እራት ላይ ለልጁ ለዮሐና ረቂቁን እያነበበላት ነበር። ዮሐና እዚሁ የተወለደች ናት፤ በአማርኛ ትሰማለች፣ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል፣ ወደ ደቡብ ያለ አንድ ኮሌጅ የሁለት ዓመት ድሉ ሁሉ ተሰረዘበት ብላ ነገረችው። አንድ ደጋፊ ለተጫዋች እናት ፍሪጅ ገዝቶ ኖሯል።

«እንዴት ይሰረዛል? ተጫውተው አሸንፈዋል እኮ» አላት።

«አሸንፈው ነበር። አሁን አላሸነፉም። ሰንደቃቸውንም አወረዱት።»

ንዋይ ጉርሻውን መለሰ። «ፍሪጅ ብቻ ነው የሚከለከለው?»

«ምንም ነገር፤ ምሳም ቢሆን።»

«ነፍስ ያለው ነገርስ?»

ዮሐና ያን ጊዜ ስልኳን አስቀመጠች። «ዳድ፣ ምን አድርገህ ነው?»

ምንም አላደረግሁም አላት። ያደረገው ነገር ግን ባለአራት እግር ነበር።

በሁለተኛው ዓመት፣ ያ ፍጻሜ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ የዙለይሃ እናት አርሲ ውስጥ አረፉ። ዙለይሃና ልጇ ሆፕኪንስ ለቅሶ ተቀመጡ። ማኅበሩ ለስላሳና ብስኩት ይዞ ለመድረስ ሲመካከር ንዋይ ሁሉንም ሊቀድም ፈለገ። ሥጋ እንዳይወስድ ክርስቲያን ያረደውን እስላም ቤት አይበላም፤ ይዞ መሄዱ ማጽናናት ሳይሆን መዝለፍ ይሆናል። ስለዚህ እነሱው እንዲያርዱት በቁሙ ሊወስደው ቆረጠ። ከከተማ ወጥቶ ከአንድ ገበሬ ሙክት ገዛ፤ ሚኒቫኑ ውስጥ ፕላስቲክ አነጠፈና ባየሽን ከፊት አስቀምጦ ነዳ። በጉ መንገዱን ሙሉ በሁለቱ መካከል አንገቱን አስግጎ ራዲዮ ሲያዳምጥ ሄደ።

ሆፕኪንስ ፓርኪንጉ ውስጥ ገመዱን የተቀበለው ኤዶሳ ነው። የኮሌጁን ጃኬት እንደለበሰ ከፎቅ ወረደ። ባየሽ ፎቶ አነሳች። ልጁ ገመዱን ሲይዝ ፊቱ ቅጭም ብሎ ነበር፤ ንዋይ ያኔ ትሕትና መሰለው፤ አስተዳደጉንም አደነቀለት።

ይኸው ነው ኃጢአቱ። ከማክሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ዓይኑን ሲጨፍን አንድ መሰላል የተሸከመ ሰው ወደ ጂሙ ይገባል፤ መሰላሉን ግድግዳው ላይ ያስደግፍና ወደ ሰማያዊው ሰንደቅ መውጣት ይጀምራል። ሐሙስ ዕለት ወደ ክሊኒኩ የሚያስገባውን የአውራ ጎዳና መውጫ አልፎ ነዳ። ከኋላ የተቀመጡት ባልቴት፣ «ልጄ፣ ዛሬ ደሜን ካናዳ ነው የሚያጥቡልኝ?» ብለው ጠየቁት።

ዋናው ጭንቅ ፎቶው ነበር። ባየሽ የመጦሪያ ቤት ሠራተኛ ስትሆን የማኅበሩ የፎቶ ክፍል ኃላፊ ናት። የአራቱን ዓመት ፎቶ ሁሉ አሰባስባ እሑድ በምግብ ቤቱ ቴሌቪዥን ልታሳይ ነው። ይባስ ብሎ ሆርዶፋ፣ የምግብ ቤቱ ባለቤትና የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ከኮሌጁ ስፖርት ቢሮ አንዲት ወጣት ፈረንጅ ጋብዟል። አማርኛ አትሰማም። በግ ግን በየትኛውም ቋንቋ በግ ነው።

ንዋይ ዓርብ ዕለት ለባየሽ ደወለላት። የበጉን ፎቶ እንድታወጣው ለመናት።

«ለምን? አምሮብህ የለ እንዴ።»

«ሆዴ ወጥቷል።»

«እሱማ በአካልም ወጥቷል፤ ፎቶው ምን ያድርግህ?»

የሞቱትን ሴትዮ ማክበር ነው ብሎ ሞከራት፤ ሴትዮዋ ፎቶው ውስጥ የሉም አለችው። ካነሳሁት ሁሉ ያማረልኝ እሱ ነው፣ በጉ እንኳ ካሜራውን አይቷል ብላ ዘጋችበት። እውነቱን እንዳይነግራት ደግሞ ባየሽ ምስጢር የምትጠብቀው ስልኳ ባትሪ እስኪያገኝ ነው።

ለአሰልጣኙ በታሪክ ፊት ችሎት የከፈተው ያ አፍ አሁን ተለጉሞ እሑድን ጠበቀ። ሆድ ያባውን የሚያወጣው ብቅል ነው ይባላል፤ ንዋይ ግን በዚያ ሳምንት ቢራ ባየበት አልደረሰም።

ስብሰባው ሞልቶ ነበር። ሦስቱ ረጃጅሞች ለሥራ ፍለጋ ርቀው በመሄዳቸው ባቹን ወክሎ የተገኘው ኤዶሳ ብቻ ነው፤ ከእናቱ ጋር መጣ። ለዙለይሃ ሽሮና ሻይ ቀረበላት። ፈረንጇ ካሜራ አንግታ ከፊት ተቀመጠች። ሆርዶፋ የመክፈቻ ንግግሩን ጨርሶ መቀመጫ ሲፈልግ ባየሽ የመጀመሪያውን ዓመት ፎቶዎች ማሳየት ጀመረች። ሰው እየሳቀ ያስታውሳል፤ ባዶውን ጂም፣ «ጎል» ያሉበትን ቀን፣ ኤዶሳ ከሲታ በነበረ ጊዜ። አንዱ፣ ያ ባች ባይመጣ ኖሮ እኔና አንተ ሰላም አንባባልም ነበር ብሎ ጎረቤቱን አቀፈው። ንዋይ ይህን ሁሉ አይሰማም። ሁለተኛው ዓመት እየቀረበ ነው። ተነሥቶ ዙለይሃን ኮት መስቀያው ጋ ጠራት።

«ወይዘሮ ዙለይሃ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ሰው ቢጠይቅዎ፣ በጉን ራሴ ነኝ የገዛሁት ይበሉልኝ።»

«የቱን በግ?»

«ለለቅሶው ያመጣሁትን።»

የዙለይሃ አርሲ ያደገ አማርኛ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ ይላል፤ የሚቀየማትም የለም። «እሱ እኮ አልቋል» አለችው። «ኤዶሳ በዚያው ቀን ሄዶ ለኮሌጁ ቢሮ ነገራቸው። ገና ሲገቡ ነው ያስተማሯቸው፤ ከሰው ምንም አትቀበሉ ብለው።»

«ነገራቸው?»

«ነገራቸው። በጉን መልሱ አሉ። እኔ እምቢ አልኩ። እናቴ ሞታ፣ ለቅሶ የመጣ በግ እመልሳለሁ? እንግዲያው ዋጋውን ለድሆች ስጡ፣ ነገሩ እስኪያልቅ ልጁ አይጫወትም አሉ። ሰጠን። ጨዋታው ቅዳሜ ነበር። ነገሩ ሰኞ አለቀ።»

መሰላል የተሸከመው ሰውዬ ከንዋይ ሐሳብ ወርዶ ሄደ። ሰንደቁ አይወርድም። ደረቱ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ተከፈተ፤ ወዲያው «ቅዳሜ» የምትለው ቃል ገብታ መልሳ ዘጋችው። ሸሚዝና ክራባት። ሁለት ነጥብ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አላት።

«ኤዶሳ ነው አትንገሪው ያለኝ። ለቅሶ የደረሰ ሰው አይወቀስም አለ።» ከዚያ፣ «የምትጽፈውንም ያነባል» አለች። «ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው፤ ግን ያነባል።»

ያኔ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። በጉ ቴሌቪዥኑ ላይ ወጥቷል፤ ኤዶሳ ገመዱን ይዟል፤ ንዋይ አንደኛ እንደወጣ ሰው ደረቱን ነፍቷል። ፈረንጇ ስቃ ኤዶሳን ጠየቀችው። እሱም አያቱ የሞቱ ጊዜ እንደመጣ በእንግሊዝኛ ነገራት። እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና የፎቶውን ፎቶ አነሳች። ንዋይ ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ክብር ስንት ቀን ያወራው ነበር።

ፎቶው ሲያልቅ ሆርዶፋ መግለጫውን አነበበ። አንደኛው ነጥብ ባቹን አመሰገነ፤ ሁለተኛው ለትውልድ አርአያነቱን አረጋገጠ። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሰልጣኙን በስሙ ጠራና፣ አርቃቂው ተነሥቶ እንዲያብራራ ጋበዘ።

ንዋይ ተነሣ። ኤዶሳ የሚያየው የሻዩን ብርጭቆ ነበር።

«ሦስተኛው ነጥብ ይውጣ» አለ ንዋይ።

ሆርዶፋ መነጽሩን አወለቀ። «አንተው ነህ የጻፍከው።»

«አውቃለሁ። ይውጣ።»

«በምን ምክንያት?»

ንዋይ አፉን ከፈተ። በጉን ቢጠራ፣ ልጁ ሁለት ዓመት በዝምታ የያዘለትን ነገር በራሱ እጅ ገበያ ሊያወጣው ነው፤ ለቅሶ የተቀመጠችውንም ሴት በሽንፈቱ ሊያስጠይቃት። ባይጠራው ሌላ ምክንያት የለውም።

«የውስጥ ጉዳይ ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግምገማ ያየ ያውቀዋል። አድርባይ አሉት። ከኋላ አንዱ በአሰልጣኙ ተገዝቷል አለ፤ ባየሽ ደግሞ ዋጋውን ገምታ የዓመት ነፃ ቲኬት ነው አለች። ሁለት ዓመት የገዛ መግለጫውን በቃሉ ሲያጠናለት የኖረው ሕዝብ ያንኑ ቃል በቃል መለሰበት። ማስረጃውም፣ ስድቡም፣ «በታሪክ ፊት» የሚለውም የራሱ ነበር። ንዋይ ቆሞ ሰማና ተቀመጠ። ነጥቡ በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ።

ሰው ወደ ምግቡ ሲነሣ ኤዶሳ ወንበር ጎትቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ጋሼ ንዋይ፣ ስድቡ አለፈ?»

«አለፈ።» ንዋይ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። «ኤዶሳ፣ ያቺ ቅዳሜ…»

«በጉ ጥሩ ነበር» አለ ልጁ። «እናቴ ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰችም። ከእሱ በላች።» አማርኛው እዚህ ላይ አለቀበትና ትከሻውን ነቀነቀ። «ደግሞም ኮች አማርኛ አያነብም።»

ይህን ያለው ሊያጽናናው ነበር። ንዋይ ግን ቀና ብሎ፣ ማን ጽሑፉን ለአሰልጣኙ ሊተረጉምበት እንደሚችል፣ በየጠረጴዛው የተቀመጠውን ሰው አንድ በአንድ መቃኘት ጀመረ።