ከምንጩ የራቀው ፈረስ

አስቀድሜ ስለ እጅ ጽሑፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት በመከራ ነው፤ ፊደልም እሳሳታለሁ። ቢሆንም ከመናገር መጻፍ ይቀለኛል፤ ሰው ፊት ስቆም አንደበቴ ይተሳሰራል።

ልጅ ሳለሁ፣ ከአሰላ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን፣ ማታ ማታ ተረት የሚያወሩልን የአባቴ አባት ነበሩ። እኛ አካኮ እንላቸዋለን። ያኔ መብራት ገና አልገባልንም ነበርና ኩራዙ እየተንቀጠቀጠ፣ የባህር ዛፉ ፍም ቀልቶ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን እንሰማቸዋለን፤ ከእንጨቱ ግድግዳ ወዲያ ደግሞ የጋሪ ፈረሳችን ዳማ ከባዝራችን ጋር ጋጡ ውስጥ ገለባውን ይቆረጥማል። ተረቱ መሃል ዳማ በአፍንጫው ፉርር ካለ አካኮ «ይኸው፣ እሱም መሰከረ» ይሉ ነበር።

ከተረቶቹ ሁሉ የምፈራው የሚያስለውን ፈረስ ነበር። አንድ ፈረስ ሳል ይይዘዋል፤ መንጋው ከምንጩ ያባርረዋል፤ እሱም ወደ ጭላሎ ተራራ ወጥቶ በዚያው ይቀራል። አካኮ እዚህ ሲደርሱ ፍሙን ይቆሰቁሳሉ።

አንድ ቀን አባቴ ጋሪውን ነድቶ ከአሰላ ሲመለስ ዳማ ያስል ነበር። በማግስቱ አገጩ ስር አበጠ፣ ከአፍንጫው መግል ወረደ፣ ገብስም አልቀምስ አለ። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ዳሰሰውና በሽታው ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚተላለፍ መሆኑን፣ ምናልባትም ጋሪዎች በሚቆሙበት ቦታ ሁሉም ከሚጠጡበት ባልዲ ይዞት እንደሆነ ነገረን። ዳማ ለብቻው ይታሰር፣ ባልዲውም ልጓሙም ለብቻው ይሁን፣ አብራው ያደረችው ባዝራም ለጊዜው ከሌላ ፈረስ አትቀላቀል አለ። አባቴ አንገቱን ደፋ። ዳማ ከሞተ ጋሪው ማገዶ ነው፤ በሽታው ከግቢያችን ከወጣ ደግሞ የጎረቤቱ ሁሉ ጋሪ ይቆማል።

ዳማን ከባህር ዛፎቹ ስር ላስቲክ ወጥረን አሰርነው። አባቴ ባዝራዋን ያዘ፤ ዳማ ለእኔ ተሰጠኝ። ውሃ አጠጣዋለሁ፣ እብጠቱን ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ እይዝለታለሁ፣ ከዚያ እጄንና ቦት ጫማዬን በሳሙና አጥቤ ቤት እገባለሁ።

በዚያው ሰሞን የአካኮ አብሮ አደግ ሞቱ። በእኛ ዘንድ እንደ አካኮ ያለ ሽማግሌ ለእንዲህ ያለ ሰው ለቅሶ በፈረስ ነው የሚደርሰው፤ በእግሩ ከሄደ ሟቹን እንደናቀ ይቆጠራል። አባቴ ባዝራዋ ምንም አልሆነችም፣ ዳር ብትታሰር ማንም አያውቅም ብሎ ለመናቸው። አካኮ ዱላቸውን አንስተው በእግራቸው ወጡ። አባቴ ኋላ እንደነገረን፣ አንድ ሽማግሌ ፈረሳቸው ላይ እንዳሉ በሰው ፊት ወረፏቸው።

«ምነው፣ ኮርቻ መውጣት አቃተህ ወይስ ፈረስህን ሸጠህ በላኸው?»

«ፈረሴ ታሟል» አሉ አካኮ። «ከምንጩ የራቀው ለአንተ ፈረስ ብሎ ነው።»

ሽማግሌው ከፈረሳቸው ወረዱ፤ ፈረሳቸውን ለልጃቸው ሰጥተው እስከ መቃብሩ ከአካኮ ጎን በእግራቸው ሄዱ። እኔ ይህን ስሰማ ፊቴ ጋለ፤ ማንም አላየኝም።

ከዚያ እብጠቱ ፈነዳ። ዳማ መግሉ ወጥቶለት ቀለል አለው፣ ባልዲውንም በአፍንጫው እየገፋ ገብስ ይጠይቀኝ ጀመር። ሐኪሙ ተመላልሶ አይቶ በመጨረሻ ወደ ጋጡ ይግባ ሲል አባቴ ጋሪውን እያጠበ ሲያፏጭ ሰማሁት። በመንደሩ ሌላ ፈረስ አላሳለም።

ያን ምሽት አካኮ የሚያስለውን ፈረስ ተረት አወሩልን። አሁን ግን ፈረሱን ማንም አላባረረውም፤ ሌሎቹ ንጹሕ ውሃ እንዲጠጡ ብሎ ራሱ ከምንጩ ራቀ። ሲድን ከተራራው ወረደ፤ መንጋውም መንገድ ለቆ «አንተ ቅደም» አለው። ወንድሞቼ መጨረሻው እንዲህ አልነበረም ብለው ተንጫጩ። አካኮ «ድሮም እንዲህ ነው፤ እናንተ ሳትሰሙ እየተኛችሁ» አሉና ሳቁ። ከግድግዳው ወዲያ ዳማ ፉርር አለ።

ዛሬ የመንደሩ ልጆች ያንኑ መጨረሻ ያወራሉ፤ የአካኮ ነው ይላሉ። እኔ ለማንም ያልነገርኩት ይህን ነው። ሰው ፊት ቃል የማይወጣኝ እኔ፣ ከላስቲኩ ስር ለዳማ በየቀኑ ተረት አወራለት ነበር። ለታመመ ፈረስ «በዚያው ቀረ» ማለት አልሆንልኝ ስላለ መጨረሻውን ቀየርኩት። ከለቅሶው በፊት አንድ ቀን «አንተ ቅደም» ስለው ከዛፎቹ ኋላ የዱላ ድምፅ ሰማሁ፤ ዞር ስል ማንም የለም።

መጨረሻው የእኔ ነበር።